ጂሚ ስኮትን ዝም ያሰኘው ውል

በ1950 ዴካ የተባለው አሳታሚ አንድ ሸክላ አወጣ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። መሃሉ ላይ በተለጠፈው ክብ ወረቀት «ኤቭሪባዲስ ሰምባዲስ ፉል» የሚል ርዕስ አለ፤ በእኛ አነጋገር «በፍቅር የማይሞኝ የለም» ቢባል ያስኬዳል። ከርዕሱ ጋር የባንዱ መሪ የላየነል ሃምፕተን ስም ይነበባል። የዘፈነው ሰው ስም ግን የለም። ሸክላው ተወደደ፤ በዘመኑ ለጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ይወጣ በነበረው የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ 10 ዘፈኖች መካከል ገባ። ሰሚው ግን ሱቅ ሄዶ «የዚህን ድምፃዊ ሌላ ሥራ ስጡኝ» ሊል ቢፈልግ የሚጠራው ስም አልነበረውም።

ያ ድምፃዊ ጂሚ ስኮት ነው። ጁላይ 17 ቀን 1925 በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ ከተማ ተወለደ፤ ለቤቱ ከ10 ልጆች 3ኛው ነበር። መዝፈን የጀመረው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ፒያኖውን የምትመታው እናቱ ነበረች። 13 ዓመት ሲሆነው እናቱ በመኪና ተገጭታ ሞተች፣ ልጆቹም በየአሳዳጊው ቤት ተበተኑ። ከተጓዥ ትርኢቶች ጋር ሲዞር ቆይቶ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሃምፕተን ባንድ ገባ። «ሊትል ጂሚ ስኮት»፣ ትንሹ ጂሚ፣ ብሎ ስም ያወጣለትም ሃምፕተን ነው። ስም አውጪው እያለ ስሙ ከሸክላው ላይ መቅረቱ ያስገርማል፤ በዘመኑ ግን እንግዳ ነገር አልነበረም። የባንድ ድምፃዊ እንደ ከበሮ መቺው ደሞዝተኛ ነው፤ ሸክላው የመሪው ነው።

የስም መቅረት ምን እንደሚያሳጣ ለመረዳት አንድ ሸክላ ሲሸጥ ገንዘቡ በየት በየት እንደሚሄድ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው መንገድ የደራሲው ነው። በ1909 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት አሳታሚው ለእያንዳንዱ ዘፈን በእያንዳንዱ ቅጂ 2 ሳንቲም ለዘፈኑ ባለመብቶች ይከፍል ነበር፤ ይህች 2 ሳንቲም እስከ 1978 ድረስ አልተለወጠችም። ሬዲዮ ዘፈኑን ሲያሰማ የሚከፍለውም ለግጥምና ለዜማ ባለመብቶች ብቻ ነው። ለድምፃዊው፣ ለሳክስፎን ነፊው፣ ለከበሮ መቺው አንድ ሳንቲም የለም። ተራው የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያ ዛሬም እንዲሁ ነው። የዚህ ዘፈን ደራሲ ተብለው የተመዘገቡት የሃምፕተን ባለቤት ግላዲስ ሃምፕተንና ሁለት ሌሎች ሰዎች ናቸው። በ1972 ትንሹ ማይክል ጃክሰን ዘፈኑን እንደገና ሲያስቀዳው ክፍያው ወደ እነሱ ይሄዳል እንጂ መጀመሪያ ሕይወት ወደ ዘራበት ሰው አይደርስም።

ሁለተኛው መንገድ የስቱዲዮ ክፍያ ነው። አንድ ቀረጻ በተለምዶ 3 ሰዓት ይፈጃል፣ 4 ዘፈን ያህል ይወጣበታል፤ ለዚያ ሰዓት የተቆረጠው ሒሳብ ይከፈልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሸክላው 500 ቢሸጥ ወይም 500 ሺህ ቢሸጥ ልዩነት የለውም።

ሦስተኛው ሮያሊቲ ነው፤ ከሽያጭ የሚታሰብ መቶኛ። ይህ የሚደርሰው ከአሳታሚው ጋር በስሙ ለተዋዋለ ሰው ብቻ ነው። የተዋዋለውም ቢሆን ብዙ ጊዜ ላም አለኝ በሰማይ ነበር። አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ድምፃዊው 5 በመቶ ተዋውሏል፣ ሸክላው በ1 ዶላር ይሸጣል እንበል። በአንድ ሸክላ 5 ሳንቲም ያገኛል ማለት ነው? አይደለም። የድሮው ሸክላ በመንገድ ይሰበር ስለነበር ውሎቹ «የሚሰበር» ብለው 10 በመቶ ይቀንሱ ነበር (የማይሰበረው ፕላስቲክ ከመጣ በኋላም ቅነሳው በብዙ ውሎች ውስጥ ቀርቷል)። ስለዚህ 4.5 ሳንቲም ይሆናል። 20,000 ቢሸጥ 900 ዶላር ነው። ከዚህ ላይ የስቱዲዮው፣ የአቀናባሪውና የኦርኬስትራው ወጪ ይነሳል፤ እሱ 1,200 ዶላር ከሆነ ድምፃዊው 20,000 ሸክላ ሸጦ የ300 ዶላር ባለዕዳ ነው። ዕዳው ወደሚቀጥለው ሸክላ ይዞርበታል። በዚያ ላይ ስንት እንደተሸጠ የሚቆጥረው አሳታሚው ራሱ ነው።

ስኮት ግጥምና ዜማ ስለማይደርስ የመጀመሪያው መንገድ ዝግ ነበር። ሁለተኛው የዕለት ጉርስ ነው። የቀረው ሦስተኛው ነው፤ እሱን ለማግኘት ደግሞ ስሙ መታወቅ ነበረበት። ስሙ እንዳይታወቅ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ድምፁ ራሱ መሆኑ ነው ጉዳዩን ልዩ የሚያደርገው።

ስኮት ካልማን ሲንድረም የሚባል በዘር የሚወረስ የጤና ሁኔታ ነበረበት፤ አንድ ወንድሙም እንዲሁ። በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ የተባለው ክፍል የጉርምስናን በር የሚከፍት ሆርሞን ይለቃል። ይህን ሆርሞን የሚያመነጩት ሕዋሳት ፅንሱ ገና በማህፀን ሳለ ከአፍንጫ አካባቢ ተነስተው ወደ አንጎል መጓዝ አለባቸው። በካልማን ሲንድረም ጉዟቸው ይሰናከላል። የማሽተት ነርቮችም በዚያው መንገድ ስለሚያልፉ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ሽታ አይለዩም፤ ሐኪም ሁኔታውን ከሌላ የጉርምስና መዘግየት የሚለይበት አንዱ ምልክት ይኸው ነው። ዛሬ በጊዜ ከታወቀ የሆርሞን ሕክምና አለው። በስኮት ልጅነት ግን ሁኔታው በቅጡ ተጽፎ እንኳ አልነበረም፤ ስሙን የሰጠው የፍራንዝ ካልማን ጥናት የወጣው በ1944 ነው፤ ስኮት ያኔ 18 ወይም 19 ዓመቱ ነበር።

ለድምፅ ውጤቱ ይህ ነው። ወንድ ልጅ ሲጎረምስ ማንቁርቱ ያድጋል፣ የድምፅ ጅማቶቹ ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም፤ ድምፁ አንድ ኦክታቭ (አንድ ሙሉ የዜማ መሰላል) ያህል ወርዶ ይጎረንናል። የስኮት ማንቁርት ይህን አላየም። ነገር ግን ሳንባውና ደረቱ፣ አፉና ጉሮሮው የአዋቂ ናቸው፤ ስለዚህ የልጅ ድምፅ አይደለም፣ የሴትም አይደለም። ብዙ ሰው «ፋልሴቶ ነው» ይላል፤ ስህተት ነው። ፋልሴቶ ጎርናና ድምፅ ያለው ወንድ የጅማቶቹን ጠርዝ ብቻ አነዝሮ የሚያወጣው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ሲለሰልስ ይተናል፣ ወደ ታች ሲወርድ ይሰበራል። የስኮት ግን የተፈጥሮ ድምፁ ነው። ከላይ ወደ ታች ሲወርድ መገጣጠሚያው አይሰማም፤ ሲያንሾካሹክም ሙሉ ነው። ሌላው የአካሉ ነገር ደግሞ የአጥንት ማደጊያ ጫፎችን የሚዘጋው የጉርምስና ሆርሞን መሆኑ ነው። ሆርሞኑ ስለሌለ ጫፎቹ ክፍት ይቆያሉ። ስኮት እስከ 37 ዓመቱ ቁመቱ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፤ ከዚያ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨመረ።

ድምፁን የሰማ ሁሉ ሴት ናት ይል ነበር። የጃዝ ሳክስፎን ነፊው ቻርሊ ፓርከር በ1950 ኒውዮርክ በሚገኘው በርድላንድ ክለብ ሲጫወት ስኮት አንድ ዘፈን አብሮት ዘፍኗል። ያ ቅጂ በ1977 ኮሎምቢያ በተባለው አሳታሚ ታትሞ ሲወጣ ዘፋኙ ቸቢ ኒውሰም ተባለ፤ ቸቢ ኒውሰም ሴት ድምፃዊት ናት። በቀደመው ሸክላ ስሙ ቀረ፣ በዚህኛው ለሌላ ተሰጠ።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሩስት ለተባለ ትንሽ አሳታሚ ከሠራ በኋላ፣ በ1955 ስኮት ከሳቮይ ጋር ተዋዋለ። ሳቮይ በኒውጀርሲ ግዛት በኒዋርክ ከተማ የነበረ ኩባንያ ነው፤ ባለቤቱ ኸርማን ሉቢንስኪ በ1942 ያቋቋመው። ሉቢንስኪ ጆሮ ነበረው፤ ቻርሊ ፓርከርንም አሳትሟል። በአከፋፈሉ ግን ጥሩ ስም አልነበረውም። እንዲህ ያለው ውል ሁለት ነገሮች ይኖሩታል። አንደኛው ድምፃዊው ለሌላ አሳታሚ እንዳይዘፍን የሚከለክል አንቀጽ ነው። ሁለተኛው የአሳታሚው የማራዘም መብት ነው፤ ጊዜው ሲያልቅ ይቀጥል ወይም ይቅር የሚለውን የሚወስነው አሳታሚው ነው። ልብ መባል ያለበት አንቀጹ በአንድ ወገን ብቻ ማሰሩ ነው። ድምፃዊው ሌላ ቤት መዝፈን አይችልም፤ አሳታሚው ግን ድምፃዊውን የማስቀዳት ግዴታ የለበትም፣ ያስቀዳውንም የመሸጥ ግዴታ የለበትም። በካሊፎርኒያ ማንም ሰው በአገልግሎት ውል ከ7 ዓመት በላይ በግድ ሊያዝ አይችልም የሚል ሕግ ነበር፤ ተዋናዮች ተጠቅመውበታል። ሳቮይ ግን መቀመጫው ኒዋርክ ነው።

ይህ መብት ምን ያህል እንደ ንብረት ይቆጠር እንደነበር የሚያሳየው፣ ሉቢንስኪ በ1957 እና 1958 ስኮትን ሲንሲናቲ ለሚገኘው ኪንግ ለተባለ አሳታሚ ማዋሱ ነው። ማዋስ ነው፤ ቃሉ ያ ነው።

ከዚያ ዝነኛው ድምፃዊና ፒያኖ መቺ ሬይ ቻርልስ መጣ። ቻርልስ በ1959 ኤቢሲ ፓራማውንት ከተባለው ኩባንያ ጋር ሲዋዋል የቅጂዎቹ ዋና ክር፣ ማለትም ሸክላው የሚባዛበት የመጀመሪያው ቅጂ፣ የራሱ ሆኖ እንዲቀር አድርጎ ነበር፤ በዘመኑ ለማንም ድምፃዊ፣ ይልቁንም ለጥቁር ድምፃዊ፣ ያልተሰማ ነገር ነው። ታንጀሪን የሚባል የራሱን አሳታሚም አቋቋመ። በ1962 ስኮትን ለታንጀሪን አስቀዳው፤ ፒያኖውን ራሱ ቻርልስ መታ፣ የኦርኬስትራውን ቅንብር ማርቲ ፔይችና ጀራልድ ዊልሰን ሠሩ። 10 ዝግ ያሉ የፍቅር ዘፈኖች ናቸው፤ አልበሙ «ፎሊንግ ኢን ላቭ ኢዝ ዋንደርፉል» ይባላል። የስኮት ምርጥ ሥራ ይህ ነው ብሎ መናገር ያስደፍራል፤ በጥቂት መሣሪያ ብቻ የታጀበባቸውን የሳቮይ ሸክላዎች የሚያውቅ ሰው፣ ድምፁ ክራር የመሰለ ቀጭን ሳይሆን በሙሉ ኦርኬስትራ ፊት መቆም የሚችል መሆኑን እዚህ ይሰማል።

አልበሙ ሱቅ ከገባ ከቀናት በኋላ ከገበያ ተነሳ። ሉቢንስኪ «ይህ ሰው የእኔ ነው» ብሎ በክስ አስፈራራ። ለምን ማስፈራሪያ ብቻ በቃ? ክሱ ፍርድ እስኪያገኝ ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ ዳኛው ግን ገና ጉዳዩ ሳይሰማ ሽያጩ እንዲታገድ ሊያዝ ይችላል። ያኔ የታተመው ሁሉ መጋዘን ይቀራል፤ አከፋፋዮች ያልሸጡትን መልሰው ገንዘባቸውን ይጠይቃሉ፤ የጠበቃው ሒሳብ ይሮጣል። ከዚህ ጋር የሚመዘነው ደግሞ ስሙ ብዙም ያልታወቀ ድምፃዊ ሊያስገባ የሚችለው ገንዘብ ነው። ማንኛውም ነጋዴ ሸክላውን ይሰበስባል። ጥፋቱ የተጀመረው እንግዲህ እዚያ ስም ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ ነው፤ በ1950 ስሙ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በ1962 ሊዋጉለት የሚያበቃ ዋጋ ይኖረው ነበር።

በ1969 አትላንቲክ የተባለው አሳታሚ እንደገና ሞከረ። አዘጋጁ ጆል ዶርን ነበር፤ አልበሙ «ዘ ሶርስ» ተብሎ በ1970 ወጣ። ሉቢንስኪ እንደገና ያንኑ ውል አነሳ፤ አልበሙም ሳይተዋወቅ ቀረ። ዶርን በ1972 ሌላ ቀረጻ አድርጎለት ነበር፤ እሱ ጭራሽ ሳይወጣ ተቀመጠና ከ«ዘ ሶርስ» ዘፈኖች ጋር ተደባልቆ የታተመው በ1993 ነው።

ስኮት ክሊቭላንድ ተመልሶ በሆስፒታል ረዳትነት፣ በሆቴል ዕቃ ላኪነት ሠራ። ሉቢንስኪ በ1974 ሞተ። ቀንበሩ ወለቀ ማለት ነው? በወረቀት አዎ። ነገር ግን የታንጀሪኑ ክር በቻርልስ እጅ፣ የአትላንቲኩ በአትላንቲክ እጅ፣ የሳቮዩ ደግሞ ከአንዱ ገዢ ወደ ሌላው ሲሸጋገር (በ1975 አሪስታ፣ በ1991 ዴኖን ገዝተውታል) ስኮት የገዛ ድምፁ ባለቤት አልነበረም። ደግሞም 50 ዓመት የሞላውን የባላድ (የዝግታ ዘፈን) ዘፋኝ በ1975 የሚፈልግ ገበያ አልነበረም።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ወደ ኒዋርክና ኒውዮርክ ትንንሽ ክለቦች ተመለሰ። የዘፈን ደራሲው ዶክ ፖመስ ወዳጁ ነበርና ኩባንያዎች እንዲያስቀዱት ሲወተውት ኖረ፤ በሕይወት እያለ አልሆነለትም። ፖመስ በማርች 1991 ሲሞት ስኮት ቀብሩ ላይ ዘፈነ። ከቀባሪዎቹ መካከል የሳየር ሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ መሪ ሲሞር ስታይን ነበርና አስፈረመው። «ኦል ዘ ዌይ» የተባለው አልበም በ1992 ወጣ፤ አዘጋጁ ቶሚ ሊፑማ፣ ፒያኖ ኬኒ ባረን፣ ቤዝ ሮን ካርተር፣ ከበሮ ግሬዲ ቴት። ለግራሚ ታጨ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1991፣ የፊልም ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊንች «ትዊን ፒክስ» በተባለው የቴሌቪዥን ድራማ የመጨረሻ ክፍል ላይ አዘፈነው፤ ብዙ ወጣት መልኩንና ድምፁን አንድ ላይ ያየው ያኔ ነው። የሮክ ድምፃዊው ሉ ሪድም በ1992 አልበሙ ላይ አስገባው። የታንጀሪኑ አልበም በ2002 ከ40 ዓመት በኋላ እንደገና ታተመ። በ2007 የአሜሪካ መንግሥት የጃዝ ሊቃውንት ሽልማት ተሰጠው፤ ጁን 12 ቀን 2014 ላስ ቬጋስ ውስጥ በ88 ዓመቱ አረፈ።

ለመስማት የሚፈልግ ሰው ከ«ኦል ዘ ዌይ» ቢጀምር ይሻላል፤ ቀረጻው ጥርት ያለ ስለሆነ የስኮት ልዩ ጥበብ የት እንዳለ ቶሎ ይገኛል። ጥበቡ ከምቱ ኋላ መቅረት ነው። አዘፋፈኑ እንዲህ ይመረመራል፦ ድምፁን ትታችሁ ቤዙን ተከተሉ፣ በእግራችሁ ምቱን ያዙ። ከዚያ የስንኙ የመጀመሪያ ቃል የት እንደሚወድቅ አስተውሉ። ምቱ ያልፋል፣ ቃሉ ገና አልመጣም። አረፈደ ስትሉ ይመጣል፤ ስንኙ ሲያልቅ ግን ከባንዱ ጋር እኩል ይደርሳል። ይህን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ አጃቢው ነው። ፒያኖ መቺው ድምፃዊውን ልጠብቅ ካለ ምቱ ይጎተታል፣ ድምፃዊው ከተጎተተው ምት ኋላ እንደገና ይቀራል፣ ዘፈኑ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል። ኬኒ ባረንና ግሬዲ ቴት አይጠብቁትም፤ ለዚህ ነው ዘፈኑ ሳይደናቀፍ የሚሄደው። ሁለተኛው የሚደመጠው ረዥም ድምፆቹ ናቸው፦ ቀጥ ብለው ይጀምራሉ፣ ንዝረቱ የሚገባው ወደ መጨረሻው ነው፣ ሲገባም ሰፊ ነው።

ከዚያ ወደ ታንጀሪኑ፣ ከዚያ ወደ ሳቮይ መሄድ ነው። ሲፈልጉ ሦስት ነገር ያሳስታል። ኮኒ ፍራንሲስ በ1960 ያሳተመችው፣ «ኤቭሪባዲስ ሰምባዲስ ፉል» የሚል ተመሳሳይ ርዕስ ያለው ዝነኛ ዘፈን ሌላ ዘፈን ነው፤ ከሃምፕተኑ ጋር ከርዕሱ በቀር አይገናኝም። የሳቮይ ዘፈኖች በተለያየ አልበም ስም ደጋግመው ስለታተሙ አዲስ የመሰለው ብዙውን ጊዜ የ1950ዎቹ ቅጂ ነው፤ አልበሙን ሳይሆን የተቀዳበትን ዓመት ማየት ያስፈልጋል። እንዲሁም ለንደን ውስጥ ኮንጋ ይመታ የነበረ፣ በትውልዱ ናይጄሪያዊ የሆነ ሌላ ጂሚ ስኮት አለ፤ ሁለቱን አለማደባለቅ ነው።